የመንዝ ባና ከስምንት ክረምት በኋላ

መጀመሪያ የገዛሁት ባና፣ ባና አልነበረም። ባና ከበግ ፀጉር የሚሸመን ብርድ ልብስ ነው።

የወሰድኩት አዲስ አበባ ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነው፤ 2009 ዓ.ም. ክረምት ላይ። የምንኖረው እንጦጦ ሥር ነው። ሐምሌ ሲገባ ቤታችን ግድግዳው ሳይቀር ይቀዘቅዛል። ሻጩ «ንጹሕ የመንዝ ነው፤ የበግ ፀጉር፤ በእጅ የተፈተለ» አለኝ። ማለልኝ። ጥቁርና ነጭ መስመር አለው። ዳበስኩት፣ ይሻክራል። አነሳሁት፣ ደህና ይከብዳል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ከፍዬ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ እሱን ለብሰን ተኛን። ሌሊት ያልበናል፣ ሊነጋ ሲል ደግሞ ይበርደናል። የባና ጠባይ እንዲህ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ጥር ላይ እትዬ የምንላቸው የባለቤቴ አክስት ዘንድ ተዝካር ነበረብን። መንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ መንደር ነው። «ብርዱ ሌላ ነው» ስላሉኝ ባናዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ለልጄ ነበር ያሰብኩት።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልት ነው፣ ችግር የለበትም። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ካለበት አካባቢ፣ የደሴውን መንገድ ትተን ወደ መንዝ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ አቧራ ነው። እየወጣን በሄድን ቁጥር ዛፉ እያነሰ፣ ሜዳው እየሰፋ፣ ነፋሱ እየከረረ መጣ። ልጄ «ራሴን አመመኝ» አለች። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከቆላ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ቀን ይከብዳል።

ጓሳ የሚባለው ሜዳ ስንደርስ ሹፌሩ አቆመልን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብለው ሣር ይነጫሉ። ብዙ ናቸው። ሣሩ ሲነቀል ድምፁ ይሰማል። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው እዚያው ነው፤ እኛ ግን አላየንም።

ባለቤቴ እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ሣሩን እያሳየ ቄሮ ስለሚባለው የጥንት የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነገረን። ጓሳ ለዘመናት የተጠበቀው በዚህ ሥርዓት ነው። የሁለቱ የጥንት የመንዝ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ተከፋፍለው ይጠብቁት ነበር። ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሦስት ዓመትም፣ አምስት ዓመትም። በዚያ ጊዜ ማጭድ አይገባም፣ ከብት አይገባም። ቀኑ ሲደርስ ተነግሮ ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ የአካባቢው ሰው በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ስለ ብርድ ልብስ ልጽፍ ጀምሬ ወደ ሣር የሄድኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መንዝ ብርዱን የሚመክተው በሁለት ነገር ነው። ቤቱን የሚከድነው ጓሳ የሚባለው ሣር ነው። ገመዱም፣ እረኛው ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ገሳም ከዚሁ ሣር ይሠራል። ሰውነቱን የሚሸፍነው ደግሞ የበግ ፀጉር ነው። ሣሩ ሲጠፋ በጉ ይጎዳል፣ በጉ ሲጎዳ ባና የለም። ባለቤቴ ይህን የነገረኝ መኪናው ውስጥ ነው። የገባኝ ግን ማታ ነው።

የእትዬ ቤት የድንጋይ ግድግዳ፣ የጓሳ ክዳን ነው። ውስጡ ክብ ነው። መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፏል። እሳቱ የኩበት ነው፤ ማገዶ እንደ ልብ አይገኝም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ብርዱ በበሩ ሥር ገባ። ጠዋት ወጥቼ ሳይ ሜዳው ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ገብስ የሚመታው ይሄ ነው። አንድ ሌሊት በቂ ነው።

ማታ ልጄን ላለብሳት ባናዬን ስዘረጋ እትዬ ጠርዙን ያዝ አድርገው በጣታቸው አሹት። ደጋግመው አሹት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አየሁ።

«ይሄን ማን ሸጠልሽ ልጄ?»

«አዲስ አበባ ነው የገዛሁት እትዬ። የመንዝ ነው ብለውኝ።»

መልስ አልሰጡኝም። ከጠርዙ አንዲት ክር መዘዙ። ጭራሮ ጫፍ ላይ ጠቅለል አደረጉና ፍሙ ላይ ያዙት። ክሩ ጨሰ፣ ተኮማተረ፣ ጥቁር እንክብል ሆኖ ጭራሮው ላይ ቀረ። የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እሱን አስቀመጡና ትከሻቸው ላይ ካለው ባና ሌላ ክር መዘዙ። ይሄኛው ቸስ ብሎ ተቃጠለ። የሸተተው የተቃጠለ ፀጉር ነው። አመዱን በሁለት ጣታቸው ሲያሹት እንደ ዱቄት በነነ።

«ይሄ በግ ነው» አሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን እንክብል መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጠጣር ነው፣ እንደ ጠጠር። «ይሄ ደግሞ ጀሪካን ነው።»

ሆዴ ቡጭ አለ። የከፈልኩት ገንዘብ አንድ ነገር ነው። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የሳቸውን አገር ስም ለጥፈው ላስቲክ መሸጣቸው ነው። እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው።

ያን ሌሊት ልጄን የሳቸውን ባና አለበሷት። እኔም አንዱን ለበስኩ። ጀርባዬ ድረስ የገባው ብርድ ቀስ እያለ ወጣ። አላላበኝም። ሊነጋ ሲልም አልበረደኝም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሠራሹ ክር ላብን ያፍናል፣ ኋላ ላዩ ላይ ያቀዘቅዘዋል። የበግ ፀጉር እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ሙቀቱን ግን አይለቅም።

ከተዝካሩ በኋላ ሁለት ቀን ስንቆይ እትዬ ሥራውን አሳዩኝ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ላቱ አጭር፣ ፀጉሩ ከርዳዳ ነው። ጥቁር አለ፣ ቡኒ አለ፣ ነጭ አለ። ፀጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል። ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። መፍተሉ የሴቶች ሥራ ነው። እትዬ ሲፈትሉ አያዩትም። እያወሩ፣ ልጅ እየተቆጡ፣ ድስቱን እያማሰሉ እንዝርቱ ይሽከረከራል። እኔ ሞከርኩ። ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰብኝ፤ አራተኛው እንደ ገመድ ወፈረ። «ጣትሽ ይማራል» አሉኝ፣ ግን እንዝርቱን ተቀበሉኝ።

ለአንድ ባና የአንድ በግ ፀጉር አይበቃም። የሁለትም፣ የሦስትም አይበቃም። እሳቸው ካላቸው በጎች በላይ ከጎረቤት ገዝተው ይጨምራሉ። ከመስቀል ጀምረው የፈተሉት ክር ጥር ላይ ገና አልሞላም ነበር። ሲሞላ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔው እዚያው መንደር ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ ድሩ ከፊቱ ተወጥሯል፣ ማጉ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚወጣው ጠባብ ነው። ስለዚህ ባና አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም፤ ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው ይሰፋሉ። ስፌቱ በመሐል ቁልቁል ሲሄድ ይታያል። የኔው የውሸቱ ስፌት አልነበረውም። ለካ እሱም አንድ ምልክት ነበር።

አንድ ነገር በመንገዴ ልጨምር። መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ የሚባል የበግ ማራቢያ ጣቢያ አለ። አዋሲ የሚባለውን የውጭ ዝርያ ከመንዝ በግ ጋር ያዳቅላሉ። ዲቃላው ገዘፍ ይላል፣ ለሥጋ ይፈለጋል። እትዬን ስለ ፀጉሩ ጠየቅኳቸው። «ደህና ነው። እኔ ግን የእኛውን እወዳለሁ፤ እጄ ያውቀዋል» አሉኝ።

በገበያው ቀን መሐል ሜዳ ወረድን። የመንዝ ሰው ከየአቅጣጫው በአህያና በበቅሎ ይመጣል። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ፣ ኩበቱ ሁሉ እየራሱ ቦታ አለው። የባና ሻጮቹ አንድ ጥግ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ባናውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ ይዘው ይቀመጣሉ። አይጮሁም። መጥተሽ ካልጠየቅሽ አይጠሩሽም።

እትዬ ሰባት ስምንት ባና ፈተሹ። እንዴት እንደፈተሹ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ አነሱና ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን በወንፊት ቀዳዳ እንደሚያልፍ የሚያልፍ ከሆነ ወዲያው መለሱት፤ ሽመናው ሳስቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አፍንጫቸውን አስጠጉ። በግ በግ መሽተት አለበት። ሽታው ፈጽሞ ከሌለ ይጠረጠራል፣ በጣም ከገማ ደግሞ ፀጉሩ በደንብ አልታጠበም። ከዚያ በመዳፋቸው ጨምቀው ለቀቁት። ጥሩ ባና ተጨማዶ አይቀርም፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። በመጨረሻ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አደረጉ። ክር ስለ ማቃጠል ስጠይቃቸው «እዚህ ነውር ነው፤ ፊቷ ላይ ሌባ ነሽ ማለት ነው» አሉኝ። እናንተ ከተማ ስትገዙ ግን አታፍሩ። አንዲት ክር ለምኑና ውጭ ወጥታችሁ ክብሪት ጫሩ። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የመረጡልኝ ጥቁር ነው፤ ሁለት ጫፉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ቀለም አልነካውም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ነጩ የነጭ በግ ፀጉር ነው። ለሁለት ሰው ይበቃል። 1,100 ብር ጠየቀችኝ። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ያዝ አደረጉ። «የአምስት ወር ጣት ነው» አሉኝ። ሳልከራከር ከፈልኩ። የውሸቱን ባና የገዛሁበት ዋጋ ከዚህ ብዙም አይተናነስም ነበር። ከተማ ሱቅ ገብቼ በሚዛን ሳስመዝነው አምስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

አሁን ወደ ስምንቱ ክረምት ልምጣ።

ሙቀቱ እንዳለ ነው። ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከሱ ሌላ አንደርብም። ልጄ ስታተኩስ «የእትዬን ስጡኝ» ትላለች። የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ አለን፣ እሱም ጥሩ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ለስላሳው የቻይና ብርድ ልብስ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ላዩ ጥቃቅን እንክብል አወጣና ለውሻው ሄደ። ባናው አንድ ቦታ እንኳ አልሳሳም። ስፌቱ ብቻ በአምስተኛው ዓመት በአንድ በኩል ተተረተረ። ወፍራም ክር ገዝቼ ራሴ ሰፋሁት።

ችግሩንም ልናገር። ይኮሰኩሳል። ያለ አንሶላ ገላ ላይ ከለበሱት አንገትና ክንድ ያቀላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፀጉር ያራግፋል፤ ጥቁሩ ፀጉር ነጭ አንሶላዬ ላይ ተበትኖ አገኘዋለሁ። ኋላ ያቆማል። ሲረጥብ የበግ ሽታው ይመለሳል። ከበድ ይላል፤ ትንሽ ልጅ ብቻውን ለብሶት ቢተኛ መገላበጥ ይቸግረዋል። አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሌሊት ሞክሩት።

እጥበቱ ላይ ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቆሻሻው እንዲለቅ ብዬ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። ስንዝር ያህል አጠረ። ጠንክሮ እንደ ሳጠራ ቆመ። ለመመለስ ብዙ ጣርኩ፤ አልተመለሰም። ያ ስንዝር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእትዬ በስልክ ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ «ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ በእግር ረገጥ ረገጥ፣ አትጠምዝዢው» አሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው የማደርገው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲጠነክር። ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ ውሃው ሲከብደው ይለጠጣል። ንጹሕ ነገር ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ሌላው ጠላቱ ብል ነው። በጋ ላይ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከረሱት አለቀለት። እኔ በየወሩ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አራግፈዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀዳዳ የለበትም።

ነጥብ ስጪው ካላችሁኝ ከአሥር ዘጠኝ። አንዷን የቀነስኩት ስለ ማሳከኩ ነው። ዋጋውን በተመለከተ ያኔ የከፈልኩት ለዛሬ መለኪያ አይሆንም፤ ሁሉም ነገር ጨምሯል። ግን በጣም ረክሶ «የመንዝ ባና» የሚል ካገኛችሁ የአምስት ወሩን ፈትል አስቡ። እንዲያ ርካሽ ሊሆን አይችልም።

የት ይገዛል ለሚለው፣ ምርጡ ከፈተለችው ሴት እጅ ነው። መንገዱ ግን እኛ እንደሄድንበት ጊዜ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ሲመጣ ለሳምንታት የእትዬን ድምፅ አልሰማንም። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ነበር የሚተኛው። በኋላ ደህና መሆናቸውን ሰማን፤ በጎቹ ግን ቀንሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል እንደገና ግጭት ውስጥ ነው። ስለዚህ ተነሱና ሂዱ አልላችሁም። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ፈልጉ፣ ይጠይቅላችሁ። የመንዝ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል፤ ከሚመጣ ሰው ጋር ባና ይልካሉ። ያዘዛችሁ እንደሆነ ገንዘቡ ለፈታይዋ ለራሷ መድረሱን አረጋግጡ። እትዬ እንደነገሩኝ ነጋዴው በመሐል ገብቶ ሲወስደው ለፈታይዋ የሚደርሳት ትንሽ ነው።

የሌላውን ወረዳ ባና አልሞከርኩም። ማማ ምድርም፣ ላሎ ምድርም፣ ቀያ ገብርኤልም ያው መንዝ ነው፣ እዚያም ይሠራል። ባለቤቴ «የጌራ ይበልጣል» ይላል። እሱ ጌራ ስለሆነ ነው፤ በሱ ላይ ብቻ አትመሥርቱ።

ልጄ በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ባናውን ይዤ ልሂድ ስትል አባቷ እሺ ሊላት ነበር፤ እኔ አልሰጠኋትም። ለእትዬ ደወልኩና የሷን አዘዝኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ቀን ፈጀብን። ፀጉሩ ተሸልቷል፣ ግማሹን ፈትለውታል። ዓይናቸው ስለደከመ የጎረቤት ልጅ ታግዛቸዋለች። ቀለሙን ጠየቁኝ፤ ልጄ ቡኒ ትፈልጋለች አልኳቸው።

«ቡኒ በግ ሁለት ብቻ ናቸው ያሉት» አሉ። «ጠርዙን ነጭ አደርግላታለሁ። አንድ ስንዝር ደግሞ እጨምርበታለሁ።»